ለጣሪያ ድንኳን የትኛው ፖርቶመጋላ? በያጅ የሠራው ብረት፣ ጠፍጣፋ አሉሚኒየም ወይስ ሁለት ዘንግ

በመኪና ጣሪያ ላይ የሚዘረጋ ድንኳን ገዝቶ ፖርቶመጋላ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው ይጠነክራል?» ብሎ ነው። እኔም የጀመርኩት በዚሁ ጥያቄ ነበር። መቅደም የነበረበት ግን የመኪናው ጣሪያ ነው። ፖርቶመጋላው የቱንም ያህል ቢጠነክር ከሥሩ ያለው ጣሪያ ከሚችለው በላይ አይጫንበትም። የፖርቶመጋላው የራሱ ክብደትም ከዚያው ከጣሪያው አቅም ላይ ይቀነሳል። ስለዚህ ሦስቱን አማራጮች የማወዳድራቸው እያንዳንዱ ለድንኳኑ ስንት ኪሎ እንደሚያተርፍለትና በኮረኮንች መንገድ ላይ ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዘው በመመዘን ነው።

ከሁሉ በፊት ሁለት ቁጥሮችን እንለይ። በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ የሚሰፍረው የጣሪያ ጭነት ወሰን አብዛኛውን ጊዜ መኪናው እየሄደ የሚችለው ነው። ፍሬን ሲያዝ፣ ኩርባ ሲታጠፍ፣ ጎማው ጉድጓድ ሲገባ፣ ያው ጭነት ለቅጽበት ከራሱ ክብደት እጅግ የበለጠ ኃይል ይፈጥራል፤ አምራቾች ወሰኑን ዝቅ የሚያደርጉት ለዚህ ነው። መኪናው ሲቆም ግን ክብደቱ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ብቻ ስለሚያርፍ ጣሪያው ብዙ እጥፍ ይሸከማል። በአሜሪካ ላሉ ወገኖቻችን እንግዳ ያልሆነውን ሱባሩ እንውሰድ። በ2022 የወጣው ፎረስተር ዊልደርነስ እየሄደ የሚችለው 100 ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ ቆሞ ግን ወደ 360 ኪሎ ይችላል። በሌላው ጫፍ ከ2018 ወዲህ የወጣው ሱዙኪ ጂምኒ አለ፤ የጣሪያው ወሰን 30 ኪሎ ብቻ ነው።

አሁን እንደምር። ጨርቅ ለበስ የሆነው ተጣጣፊ ድንኳን ብዙውን ጊዜ ከ45 እስከ 65 ኪሎ ይመዝናል፤ ጠንካራ ቅርፊት ያለው ደግሞ ከ60 እስከ 90። ሌሊት ሁለት አዋቂዎች በየ70 ኪሏቸው ከነብርድ ልብሳቸው ሲወጡበት ድምሩ ከ200 ያልፋል፤ ሰው የሚሰጋውም በዚህ ነው። አስጊው ግን ሌሊቱ ሳይሆን ቀን ላይ ያለው ጉዞ ነው።

በያጅ የሚሠራው ብረት

አገር ቤት በጣም የተለመደው ይህ ነው፤ መለኪያውን ይዘው ይሄዳሉ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተበይዶና ቀለም ተቀብቶ ይረከባሉ። ዋጋው ከውጭ ከሚመጣው ይረክሳል፤ ቢሰበር ደግሞ በየትኛውም ከተማ በያጅ አይጠፋም። ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ክብደቱን ግን ወረቀት ላይ አስልቼ ደንግጫለሁ። 2.2 ሜትር በ1.3 ሜትር የሆነ፣ ዙሪያውን አጥር ያለው ፖርቶመጋላ ስምንት ማገሮቹን ጨምሮ 26 ሜትር ገደማ ቱቦላሬ ይበላል። ጎኑ 30 በ30 ሚሊ ሜትር፣ የብረቱ ውፍረት 2 ሚሊ ሜትር የሆነው ቱቦላሬ በሜትር 1.76 ኪሎ ስለሚመዝን ብረቱ ብቻ 46 ኪሎ ይሆናል፤ እግሮቹ ሲጨመሩ 50ን ያልፋል። ጣሪያው 100 ኪሎ የሚችል ከሆነ ግማሹ ድንኳኑ ሳይጫን አለቀ ማለት ነው። ባለ 1.5 ሚሊ ሜትሩን ቢመርጡ ክብደቱ በሩብ ያህል ይቀንሳል፤ ነገር ግን ስስ ብረት በብየዳ እሳት በቀላሉ ይበሳል፣ ከብየዳው ጎን ያለው ክፍልም ይዳከማል።

ይህ ድክመት የደረሰብኝ ባሌ ውስጥ ነው። ከጎባ ተነስተን የሳነቴን አምባ አቋርጠን ወደ ሪራ ስንወርድ ከኋላ በቀኝ በኩል ሲጥ የሚል ድምፅ ይሰማ ጀመር። ወርጄ እግሩን በእጄ ስዳስስ ቀለሙ ተላጦ፣ ፀጉር የምታክል መስመር በብረቱ ላይ ተሰንጥቃ፣ ከሥሯ ቀይ የዝገት ዱቄት ጣቴ ላይ ቀረ። መስመሯ የሄደችው በብየዳው ላይ ሳይሆን ከብየዳው ጎን ለጎን ነበር። የሠራልኝ ጋራዥ እግሩን ከቱቦላሬው ጋር በቀጥታ በይዶት፣ ማዕዘኑን የሚደግፍ ላሜራ አላደረገበትም። ድንኳኑን ለአራት አውርደን መኪናው ውስጥ አስገባነው፤ ሌሊቱን ወንበር ላይ አነጋን፤ በማግስቱ ወደ ጎባ ተመልሰን አስበየድነው። ያ ስንጥቅ ሳይታይ ቢቀር ኖሮ ድንኳኑ ከኋላችን በሚመጣ ሰው ላይ ሊወድቅ ይችል ነበር። እስከ ዛሬ የሚያሳስበኝ ይኸው ነው።

ብረት የግድ ከሆነ ሦስት ነገር አጥብቀው ይዘዙ። እግሮቹ በብሎን የሚታሰሩ ይሁኑ፤ በየማዕዘኑ ሦስት ማዕዘን ደጋፊ ላሜራ ይበየድ፤ ከዳር የሚቆመው አጥር ይቅር። አጥሩ ክብደት ከመጨመሩም በላይ ድንኳኑ ከሱ በላይ ከፍ ብሎ እንዲታሰር ያስገድዳል፤ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ደግሞ መኪናው በኩርባ ላይ ያጋድላል።

ጠፍጣፋው አሉሚኒየም

አሉሚኒየም በተመሳሳይ ይዘት የብረትን አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ይመዝናል። እንደ ደቡብ አፍሪካው ፍሮንት ራነርና እንደ አውስትራሊያው ራይኖ ራክ ያሉ አምራቾች የሚያቀርቡት ጠፍጣፋ ፖርቶመጋላ እንደ ስፋቱ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 35 ኪሎ ይደርሳል። አጥር የለውም፤ ድንኳኑ ዝቅ ብሎ ይተኛል፤ ክብደቱም በብዙ ማገሮች ላይ ይከፋፈላል። በአብዛኛው የሚገጣጠመው በብሎን ስለሆነ ንዝረት ሲመጣ ትንሽ ይለጠጣል እንጂ እንደ ብየዳ አይሰነጠቅም።

ጉድለቱ ዋጋውና ጥገናው ነው። ቢሰበር አሉሚኒየም የሚበይድ ሰው በየወረዳው አይገኝም። ስለዚህ ትርፍ ብሎንና ዳዶ በመሳሪያ ሳጥን ውስጥ መያዝ ያስፈልጋል። ወደ ዳሎልና አሳሌ የሚወርድ ሰው ደግሞ ጨው የብረት ብሎንና የአሉሚኒየም መገናኛን እንደሚበላ አውቆ ሲመለስ በንጹሕ ውኃ ይጠበው፣ ብሎኖቹንም ግራሶ ይቀባቸው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሻጭ «300 ኪሎ ይችላል» ቢልዎት ቁጥሩ የፖርቶመጋላው እንጂ የመኪናዎ ጣሪያ አይደለም። የሚሠራው ከሁለቱ ትንሹ ቁጥር ነው። ራይኖ ራክ ከአስፋልት ውጭ ለሚሄዱ ያስቀመጠው ደንብም ሊታወስ ይገባል፤ የተጻፈውን ወሰን ለ1.5 ማካፈል። 75 ኪሎ የነበረው 50 ይሆናል።

ሁለት አግዳሚ ዘንጎች

ከሁሉም ቀላሉ ይህ ነው፤ ከነእግሩ ከ5 እስከ 8 ኪሎ ቢሆን ነው። ከ100 ኪሎ ውስጥ ከ90 በላይ ለድንኳኑ ይተርፋል። አብዛኛውን ጊዜ በአስፋልት ለሚጓዝ ቤተሰብ ከዚህ የተሻለ ምርጫ አላየሁም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለም አንድ ጥሩ ነገር አለው፤ እንደ ስዊድኑ አምራች ቱሌ ያሉት የሚሠሯቸው 127 ሴንቲ ሜትር የሚረዝሙ ዘንጎች በጠባብ ካርቶን ከታሸጉ ብዙ አየር መንገዶች ለሻንጣ ከሚፈቅዱት 158 ሴንቲ ሜትር የርዝመት፣ የወርድና የከፍታ ድምር አያልፉም።

ሲገዙ የዘንጉን ስፋት ይለኩ፤ ለነፋስ እንዲመች ተደርጎ የተሠራው የቱሌ ዊንግባር 80 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ አንዳንድ ድንኳን ይዞት የሚመጣው ማሰሪያ ደግሞ ይህን አያቅፍም። በሁለቱ ዘንጎች መካከል የሚኖረው ርቀትም በድንኳኑ መመሪያ ላይ ከተጻፈው እንዳያንስ።

ዘንጎቹ መኪናውን የሚይዙበት እግር ከዘንጎቹ ይበልጥ ይወስናል። የውኃ መውረጃ ጠርዝ ያለው ባለ 70 ሞዴሉ ላንድክሩዘር ለዚህ የታደለ ነው፤ እግሩ ጠርዙን ከሥር ይነክሰዋል፣ በየጎኑም ሦስት አራት እግር ማሰለፍ ይቻላል። ከፋብሪካ የተዘጋጀ የብሎን ቀዳዳም አስተማማኝ ነው። በበር ክፈፍ ላይ ብቻ የሚነክሰውን ዓይነት ግን ለከባድ ድንኳንና ለኮረኮንች አልመክርም፤ በንዝረት ቀስ በቀስ ይንሸራተታል፣ ቀለሙንም ይልጣል።

ለማን የትኛው?

ላንድክሩዘር ይዞ ወደ ኦሞ፣ ወደ ባሌና ወደ አፋር ደጋግሞ የሚወጣ ሰው ገንዘቡን አጠራቅሞም ቢሆን ጠፍጣፋውን አሉሚኒየም ይግዛ። በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ወደ ላንጋኖ የሚወርድ ሰው ሁለት ጥሩ ዘንግና ቀለል ያለ ድንኳን ይበቃዋል። የብረቱን የምመክረው የጣሪያው ወሰን ከፍተኛ ለሆነ መኪና ብቻ ነው፤ ያውም ተሠርቶ ሲያልቅ ሚዛን ላይ ወጥቶ ክብደቱ ከታወቀ በኋላ። የጂምኒ ባለቤት ድንኳኑን መሬት ላይ ይትከል።

የትኛውንም ቢመርጡ ከመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎ ሜትሮች በኋላ ቆመው ብሎኖቹን እንደገና ያጥብቁ። እኔ በእያንዳንዱ ዳዶ ላይ ከዳዶው እስከ ብረቱ የሚያልፍ ቀጭን መስመር በጥፍር ቀለም አሰምራለሁ፤ መስመሩ ከተቆረጠ ዳዶው ላልቷል ማለት ነው፤ ነዳጅ በሞላሁ ቁጥር አንድ ዙር ዞሬ ለማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅብኝም። ፍጥነትዎንም ይቀንሱ፤ ከ80 ወደ 110 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲወጡ ነፋሱ ድንኳኑን የሚገፋበት ኃይል እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የሚቀረው።