ትንንሾቹን አምባዛዎች ቤት ውስጥ ለማራባት፦ የትኛውን እንግዛ?

አምባዛ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የጣናው ነው። ጢማሙ፣ ከአንድ ሜትር የሚያልፈው፣ መጥበሻ የማይበቃው። ዛሬ የማወራው ግን መዳፍ ላይ ስለሚያርፉት የደቡብ አሜሪካ ዘመዶቹ ነው። አኳሪየም፣ ማለትም የዓሳ መስታወት ገንዳ ውስጥ አሸዋውን እያሸተቱ ሲዞሩ የሚውሉት።

ሱቅ ስትገቡ ሻጩ «ይሄ ጽዳት ሠራተኛ ነው፣ ቆሻሻ ይበላላችኋል» ይላችኋል። አትመኑት። እንደማንኛውም ዓሳ ቀለብ ይፈልጋሉ፤ ሲጠግቡ ደግሞ ራሳቸው ቆሻሻ ይጥላሉ።

እኔ አራት ዓይነት ሞክሬያለሁ። ሦስቱን አራብቼ ለጎረቤት እስከመስጠት ደርሻለሁ። አንዱ ግን እስካሁን እያሾፈብኝ ነው። ከዚህ ሁሉ የተረፈኝ ምክር አንድ ነው፦ ከመልኩም ከዋጋውም በፊት የቤታችሁን ውሃ ሙቀት ለኩ። የእኔ ሳሎን አዲስ አበባ ነው። ያለ ማሞቂያ ውሃው ጠዋት 18፣ ከሰዓት 20 ዲግሪ ይላል። ለአብዛኛው የአኳሪየም ዓሳ ይሄ ብርድ ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ማሞቂያ ያለውም የሌለውም እኩል ነን።

በዚህ ሂሳብ አንደኛ የሚወጣው ፔፐርድ ኮሪ ነው። የሳይንስ ሰዎች ኮሪዶራስ ፓሊያተስ ሲሉት ኖረዋል፤ «ኮሪ» የኮሪዶራስ አጭር ስም ነው። ግራጫ ገላው ላይ ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰበት ይመስላል። ዳርዊን በቢግል መርከብ ሲዞር ከሰበሰባቸው ዓሳዎች አንዱ ነው፤ ስሙም እ.ኤ.አ. በ1842 ወጣለት። አገሩ አርጀንቲና፣ ኡራጓይና ደቡብ ብራዚል ነው። እዚያ ደህና ብርድ አለ። ስለዚህ ከ18 እስከ 23 ዲግሪ ይመቸዋል። 27 ላይ ስታስቀምጡት ነው የሚቸገረው።

እንዲራባ የሚቀሰቅሰው ዝናብ ነው። ዝናቡን እናንተ ታመጡለታላችሁ። አንድ ሁለት ሳምንት በደንብ ትቀልቡታላችሁ። ከዚያ የውሃውን ግማሽ ገደማ፣ ከነበረው 4 ዲግሪ ያህል ዝቅ ባለ ውሃ ትቀይራላችሁ። እኔ አንድ ነሐሴ ላይ ከሮቶ የቀዳሁትን ውሃ ክሎሪኑ እንዲወጣ በባልዲ አሳድሬ ጠዋት ቀየርኩላቸው። ውጭ ዶፉ ይወርዳል። ከሰዓት በኋላ ሁለት ወንዶች አንዲቱን ሴት ማሳደድ ጀመሩ። ሴቷ ቆም ብላ አፏን ወንዱ ሆድ ላይ ትለጥፋለች፤ ሁለቱ የላቲኑን ቲ ይሠራሉ። ከዚያ ከሆዷ ሥር ያሉትን ክንፎች እንደ መዳፍ ገጥማ ሁለት ሦስት ዕንቁላል ትይዛለች። መስታወቱን በአፏ ታጸዳና ትለጥፈዋለች። ተመልሳ ደግሞ ወደ ወንዱ። እስኪመሽ እንዲህ ሲሉ ቆዩ። መስታወቱ ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያካክሉ ሰባ ሁለት ዕንቁላሎች ቆጠርኩ። ከመቶ የሚያልፍበት ጊዜም አለ።

ወላጅነታቸው እዚያ ላይ ያበቃል። ካገኙት ራሳቸው ይበሉታል። ዕንቁላሉ ጠንካራ ስለሆነ በጣት ገፋ ገፋ ሲያደርጉት ይለቃል። ከዚያው አኳሪየም ውሃ በተቀዳበት ሳህን ውስጥ አድርጋችሁ የአየር ፓምፕ ትከፍቱለታላችሁ። ነጭ ሆኖ ጥጥ የለበሰውን ቶሎ አውጡት፤ ሻጋታው ወደ ጎረቤቱ ይዛመታል። ከ4 እስከ 6 ቀን ውስጥ ይፈለፈላል። ጫጩቱ ሁለት ሦስት ቀን ሆዱ ላይ ካለው አስኳል ይመገባል፤ ከዚያ በኋላ አዲስ የተፈለፈለ አርቴሚያ (ደቃቅ የጨው ውሃ ሽሪምፕ) ነው የሚያሳድገው። የተቀቀለ የዶሮ ዕንቁላል አስኳል የሚሰጡ አሉ። እኔም ሰጥቻለሁ። በማግስቱ ውሃው ሸተተ፣ ጫጩቶቹ አለቁ። ከዚያ ወዲህ አስኳሉን ራሴ እበላዋለሁ።

ብሮንዝ ኮሪ የፔፐርድ የአክስት ልጅ በሉት። መጠኑም ከስድስት ሰባት ሴንቲ ሜትር አያልፍም። ነጩ፣ ቀይ ዓይን ያለው፣ አልቢኖ የሚሉት ብዙ ጊዜ እሱው ነው። ዕንቁላል ላይ ከፔፐርድ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ሴቷ የወንዱን ዘር በአፏ እንደምትውጠው፣ ዘሩም በአንጀቷ አልፎ ዕንቁላሎቹ ዘንድ እንደሚደርስ የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1995 አሳትመዋል። ልዩነቱ ሙቀት ላይ ነው፤ ከ22 እስከ 26 ይፈልጋል። አዋሳ ወይም ድሬዳዋ ላላችሁ ከፔፐርድ ይልቅ ይሄኛው ይሻላችኋል። ዱባይና ሪያድ ያላችሁ ደግሞ ስተርባይ የሚባለውን ኮሪ ፈልጉ። እስከ 28 ዲግሪ ድረስ ደስ ብሎት ይኖራል።

ፒግሚ ኮሪ ነው ያሾፈብኝ። ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። 40 ሊትር ውሃ ለአሥሩ ይበቃል። እንደ ዘመዶቹ መሬት ላይ አይውልም፤ መሐል ውሃ ላይ በመንጋ ይዋኛል። ዕንቁላል መጣሉንስ ይጥላል፣ ጥቂት ጥቂት። ጫጩቱ ግን ዓይን አይሞላም። አርቴሚያ እንኳ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይተልቅበታል። በዓይን የማይታይ ነፍሳት በጠርሙስ ማርባት ሊኖርባችሁ ነው። ለማየት ከሆነ ግዙት። ለመጀመሪያ እርባታ ግን አልመክርም።

አራተኛው ብሪስልኖዝ ነው፣ በሳይንስ ስሙ አንሲስትረስ። መስታወት ላይ በአፉ የሚለጠፈው። ወንዱ አፍንጫው ላይ ቅርንጫፍ ያለው ጢም ያበቅላል፤ አስቀያሚነቱ ራሱ ያምራል። እዚህ ሥራው የእናንተ አይደለም፣ የአባትየው ነው። ሴቷ ዋሻ ውስጥ ብርቱካን መልክ ያለው የዕንቁላል ዘለላ ጥላ ትሄዳለች። አባት ቀንና ሌሊት በክንፉ እያራገበ ይጠብቃል፣ ጫጩቶቹ ራሳቸውን ችለው እስኪወጡ። ለዋሻ እኔ አንገቷ የተሰበረ፣ ቡና ያልተፈላባት ጀበና ነው ያጋደምኩለት። ሳሙና ሳላስነካ በፈላ ውሃ አጥቤ። በሦስተኛው ሳምንት ገባባት። የሚፍቀው እንጨት ይኑረው፤ ዝኩኒም ቆርጣችሁ ስጡት።

ጣጣው ሁለት ነው። ከ23 እስከ 27 ዲግሪ ስለሚወድ አዲስ አበባ ላይ ያለ ማሞቂያ አይሆንም። ቢያንስ 80 ሊትርም ይፈልጋል። ከዚህ የከፋው ግን ሱቅ ላይ የሚጠብቃችሁ ነው። እኔ መጀመሪያ ብሪስልኖዝ ተብሎ የተሸጠልኝ ተራው ፕሌኮ የሚባለው ትልቁ ዘመዱ ሆኖ ተገኘ። ሲገዙት አምስት ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሲያድግ ከ30 ያልፋል። አኳሪየሙ ሲጠብበው ለሰው ሰጥቼ ተገላገልኩት። የተራው ፕሌኮ የጀርባ ክንፍ ሲከፈት እንደ መርከብ ሸራ ከፍ ይላል፣ ገላውም ረዘም ያለ ነው። ብሪስልኖዝ ጭንቅላቱ ሰፊና ጠፍጣፋ ነው። ጥርጣሬ ካለባችሁ ጢም ያበቀለ ወንድ ካላያችሁ አትግዙ።

ማሞቂያ መግዛት ካልፈለጋችሁ እንግዲህ ስድስት ፔፐርድ፣ 60 ወይም 80 ሊትር ውሃ፣ ውሃውን የሚያጣራ አንድ ስፖንጅ ፊልተር። ሁለት ወንድ ለአንድ ሴት ቢሆን ጥሩ ነው። ከላይ ስታዩአቸው ወፍራሟ ሴት ናት። ማሞቂያውም ጄኔሬተሩም ካላችሁ፣ ጫጩት የመመገብ ትዕግሥት ግን ከሌላችሁ፣ ብሪስልኖዝ።

ኮሪ ስትመርጡ መጀመሪያ ጢሙን እዩ። ሹል ጠጠር ላይ የከረመ ኮሪ ጢሙ አልቆ ጉቶ ይቀራል። ቤት ስትወስዱትም ደቃቅ አሸዋ ይሁንለት። ድንገት ወደ ላይ ተወርውሮ አየር ቢጎርስ አትደንግጡ፤ በአንጀቱም ጭምር ነው የሚተነፍሰው። ሻጩ በመረብ ሊያወጣው ሲነሳ ግን አስቁሙት። የክንፎቹ እሾህ መረቡ ውስጥ ይቆለፋል፣ ሲያላቅቁት ይቆስላል። የተጨነቀ ኮሪ ደግሞ ገላው መርዝ ያመነጫል። ላስቲኩ ውስጥ ውሃው አረፋ ከያዘ መንገድ ላይ ሁሉም ሊያልቁ ይችላሉ። ኩባያ ይዛችሁ ሂዱ፣ በኩባያ ይቅዳላችሁ፣ በሰፊ ላስቲክ ሁለት ሁለት አድርጋችሁ ውሰዱ።