የተራበው ሐኪም፦ «ቫምፒር»ን ለወራት ከተጫወትኩት በኋላ

«ቫምፒር» የሚባለውን የቪዲዮ ጌም በመግዛቴ ደስተኛ ነኝ። ቢጠፋብኝ መልሼ እገዛዋለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው እዚህ ደሴ ሲዲውን የሸጠልኝ ልጅ «ወንድሜ፣ ይሄ ይደብርሃል፤ ወሬ ይበዛዋል። ፊፋ ልስጥህ» ስላለኝ ነው። ወሬ ይበዛዋል፣ እውነት ነው። ግን የጌሙ ጣዕም ያለው እዚያው ወሬው ውስጥ ነው።

ጌሙ የወጣው በፈረንጆቹ 2018 ነው። ታሪኩ ግን አንድ መቶ ዓመት ወደኋላ፣ ወደ 1918ቷ ለንደን ይወስዳችኋል። ከተማዋን ኢንፍሉዌንዛ እየጨረሳት ነው። ጆናታን ሪድ የሚባል፣ በደም ሕክምና የታወቀ ሐኪም ከጦር ግንባር ሲመለስ ቫምፓየር፣ ማለትም የሰው ደም የሚጠጣ ፍጡር ሆኖ ከጅምላ መቃብር ውስጥ ይነቃል። መጀመሪያ የሚገድለው የገዛ እህቱን ነው። ከዚያ አንድ ሆስፒታል በሌሊት ተረኛነት ይቀጥረዋል። ቀን ቀን ሰው ያክማል እንዳትሉ፣ ፀሐይ አይችልም።

ያ በሽታ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በእኛ አቆጣጠር 1911 ላይ ገብቶ ብዙ ሰው የፈጀው የኅዳር በሽታ ያው እሱ ነው። ኅዳር 12 ቆሻሻ የሚቃጠለውም ከዚያ ወዲህ ነው። ይህን ካሰብኩ በኋላ የለንደኑ ጨለማ መንገድ የሰው አገር ብቻ መስሎ አልታየኝም።

አሁን ወደገረመኝ ነገር ልምጣ። ሌላ ጌም ላይ ጠላት በገደላችሁ ቁጥር ትጠነክራላችሁ። እዚህ ከውጊያ የሚገኘው ጉልበት ትንሽ ነው። ትልቁ ጉልበት ያለው የነዋሪው ደም ውስጥ ነው። ከ60 የሚበልጡ ነዋሪዎች አሉ። እያንዳንዱ ስም አለው፣ ሥራ አለው፣ የሚደብቀው ጉድ አለው። ምስጢሩን ባወቃችሁ ቁጥር የደሙ ዋጋ ይጨምራል። ከታመመ ዋጋው ይወርዳል። መድኃኒት ቀምማችሁ ስታድኑት ይወጣል። ታዲያ ሰውየውን እያከማችሁት ነው ወይስ ለዓውደ ዓመት እንደሚቀለብ በግ እያደለባችሁት? ጌሙ መልሱን አይነግራችሁም። ዝም ብሎ የደሙን ዋጋ በቁጥር ያሳያችኋል።

ልትገድሉት ከወሰናችሁ ሰውየው ፈዝዞ ይከተላችኋል። እጁን ይዛችሁ ጨለማ ጥግ ትወስዱታላችሁ። ደሙን ስትጠጡ የመጨረሻ ሐሳቡ በራሱ ድምፅ ይሰማል። እኔ እዚያ ጋ ስደርስ ጆይስቲኩን አስቀምጬ ተነስቼ የማውቅ ሰው ነኝ።

እማዬ አንድ ማታ ከኋላዬ ቆማ ስታይ ቆየችና «ይሄ ሰውዬ ሐኪም ነው ወይስ ጅብ?» አለችኝ። ጨዋታው ሙሉ የሚያጠነጥነው በዚህችው ጥያቄ ላይ ነው። ታናሽ ወንድሜ ግን አይጨንቀውም። ቦስ (ከባዱ ዋና ጠላት) ሲያስቸግረን «ያቺን ሴትዮ ብላትና እንለፍ» ይላል። አልበላትም። ሴትዮዋን ካወቅኋት በኋላ እንዴት አድርጌ?

ደግሞ ወደኋላ መመለስ የለም። የደረሳችሁበትን ጌሙ ራሱ ሴቭ ያደርጋል፣ ያለውም አንድ ሴቭ ብቻ ነው። የወሰናችሁት ወሰናችሁ ነው። (መብራት ድንገት ሲጠፋ ብዙ አለማስመለሱ ግን ለእኛ አገር ትልቅ ነገር ነው።) ሌቭል፣ ማለትም የጉልበት ደረጃ ለመጨመር መተኛት አለባችሁ። ስትተኙ ሌሊቱ ያልፋል፤ ያልታከመው ይብስበታል፤ የሠራችሁት ሥራ ውጤቱ ይታያል። ከተማው አራት ሰፈር ነው። የአንዱ ጤና ጨርሶ ከወደቀ ሰፈሩ እንዳለ ይጠፋል፤ ስም ያወቃችኋቸው ሰዎች ሄደው በምትካቸው አውሬ ይርመሰመስበታል።

ውጊያው? ደህና ነው፣ ግን እየቆየ ይደጋገማል። ከሰፈር ሰፈር በእግር መሮጥ ያደክማል፤ አቋራጭ የለውም። አሮጌው ፕሌይስቴሽን 4ዬ ላይ ሎዲንጉ ቡና ያስፈላል። ውጊያ የሚከብደው ሰው ግን አብሽር፣ በኋላ በመጣ አፕዴት ለታሪኩ ብቻ የሚጫወት ሰው የሚመርጠው ቀለል ያለ ደረጃ ተጨምሮለታል።

«ግራፊክሱ አርጅቷል» የሚለኝም አለ። ይርጅ። በግራፊክስ ያበደ ጌም ስንት አይቻለሁ፣ የአንዱንም ሰው ስም ሳላውቅ የገደልኩበት። እዚህ አንድ ሰው ለመግደል መጀመሪያ ቁጭ ብዬ አዳምጠዋለሁ። ከዚያ ደግሞ እጄ እምቢ ይለኛል። ይህን ያደረገብኝ ሌላ ጌም የለም።

መጨረሻው አራት ዓይነት ነው፤ የሚወሰነውም ስንት ነዋሪ እንደገደላችሁ ነው። አሁን ማንንም ሳልነካ ልጨርሰው እንደገና ጀምሬዋለሁ። ሌቭሌ ዝቅ ስላለ እያንዳንዱ ቦስ ነፍሴን ያወጣታል፣ ግን አልተውም። እንግሊዝኛ ማንበብ የማይሰለቸው፣ ጽሑፉን ዘሎ የማያልፍ ሰው ይግዛው። ለሕፃን ግን አትክፈቱት፣ ደሙ ብዙ ነው።