ዛንዚባር ላይ በምን እንንቀሳቀስ? ጂፕ፣ ስኩተር፣ ባለ ሹፌር መኪና ወይስ ዳላ ዳላ

ዛንዚባር ለመሄድ ትኬት የቆረጡ ወዳጆቼ ከሆቴሉ ቀጥሎ የሚጠይቁኝ «መኪና እንከራይ ወይስ ሹፌር እንያዝ?» የሚለውን ነው። መጀመሪያ ጊዜ ስሄድ መልሴ አንድ ነበር፤ አሁን ግን ተለውጧል። ከዋጋው በፊት ሊታይ የሚገባው ስንት ሰው እንደሆናችሁ፣ የትኛው ዳርቻ እንደምታድሩና ከሁሉም በላይ በየትኛው ሰዓት መንገድ ላይ እንደምትሆኑ ነው።

ብዙ ሰው ዛንዚባር የሚለው ኡንጉጃ የሚባለውን ትልቁን ደሴት ነው። ርዝመቱ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የአዲስ አበባ–አዳማን የፍጥነት መንገድ ያህላል ማለት ነው። ካርታው ላይ ስታዩት ቁርስ በልታችሁ ዞራችሁት ለምሳ የምትመለሱ ይመስላችኋል። ግን ከጥንቱ ከተማ ከስቶን ታውን እስከ ደሴቱ ሰሜን ጫፍ ኑንግዊ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ ሳለ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። መንገዱ በመንደር መሃል ያልፋል። ተማሪ፣ ብስክሌት፣ የበሬ ጋሪ፣ ፍየል ሁሉም በዚያው አስፋልት ነው የሚሄደው።

ከምርጫው በፊት፦ ግራ

ዛንዚባርን ጨምሮ ታንዛኒያ ውስጥ መኪና በግራ በኩል ነው የሚነዳው። እኛም ጋ በ1956 ዓ.ም. ወደ ቀኝ እስኪቀየር ድረስ እንዲሁ ነበር፤ ዛሬ የሚነዳው ትውልድ ግን እጁም ዓይኑም ቀኝ ለምዷል። መሪው በቀኝ ስለሆነ ማርሹን በግራ እጅ ትይዛላችሁ። የነዳጅና የፍሬን መርገጫው ቦታ አይለወጥም። የፍሬቻውና የዝናብ መጥረጊያው ዘንግ ግን በብዙዎቹ የጃፓን መኪኖች ቦታ ይለዋወጣል፤ የመጀመሪያውን ቀን በጠራራ ፀሐይ ዝናብ ስትጠርጉ ትውላላችሁ። አደባባይ ላይ መኪናው በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ ነው የሚዞረው፤ ቅድሚያ የሚሰጠውም ከቀኝ ለሚመጣው ነው።

ሰው የሚፈራው የከተማውን ግርግር ነው። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ባዶ መንገድ ነበር። ከተማ ውስጥ ከፊት ያለውን መኪና ስለምትከተሉ ግራችሁን አትስቱም። እኔ ነዳጅ ቀድቼ ከማደያው ስወጣ ግራ ቀኝ አየሁ፤ ማንም አልነበረም፤ እንደ ቤቴ ወደ ቀኙ ረድፍ ገባሁ። ምንም ሳይመስለኝ እየነዳሁ ሳለ ባለቤቴ ጮኸች፤ ከፊት ለፊታችን ዳላ ዳላ የሚባለው የሕዝብ ታክሲ እየመጣ ነበር። ሹፌሩ ክላክስ እየነፋ ፍጥነቱን ባይቀንስ ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ከሆቴል በር፣ ከማደያ፣ ከምግብ ቤት ስወጣ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው «ግራ» ብሎ እንዲነግረኝ አደርጋለሁ። ቀላል ነገር ይመስላል፤ ግን ይሠራል። ብቻችሁን የምትሄዱ ከሆነ መሪው አጠገብ ወረቀት ለጥፉ።

ጂፕ ወይስ ስኩተር

በብዛት የሚከራዩት እንደ ሱዙኪ ኢስኩዶ እና ቶዮታ ራቭ ፎር ያሉ ትንንሽ ጂፖች ናቸው። ኪራዩ እንደ ወቅቱና እንደ ቀኑ ብዛት ቢለያይም ብዙ ጊዜ በቀን ከ35 እስከ 50 ዶላር ይጠየቃል፤ ነዳጁ የእናንተ ነው። ስኩተር ግማሽ ያህሉን ነው፤ ብቻውን ለሚሄድ ወጣት ያጓጓል። እኔ ግን ሀገሩ ሞተር ለማይነዳ ሰው ስኩተር እንዲከራይ አልመክርም፤ በዚህ ላይ ሐሳቤን የሚያስቀይረኝ የለም።

ዋናው መንገድ አስፋልት ቢሆንም ወደ ባሕሩ የሚገባው መገንጠያ ኮራል ድንጋይና አሸዋ ነው። ጂፑ ቀስ ብሎ ያልፈዋል፤ የስኩተር ትንሽ ጎማ ግን አሸዋ ላይ ይከዳል። ዝናቡ ዋናው ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ትንሹ ደግሞ በኅዳር አካባቢ ይጥላል፤ ሲመጣ ድንገት ነው፤ ጉድጓዱም ውኃ ሞልቶ ጥልቀቱ አይታይም። ሌላው ብዙ ሰው የሚዘነጋው የመንጃ ፈቃድ ነገር ነው። በመኪና መንጃ ፈቃድ ሞተር መንዳት እዚያም እዚህም አይፈቀድም፤ ያለ ፈቃዱ ነድቶ የወደቀ ሰው ደግሞ ኢንሹራንሱ ላይከፍለው ይችላል። ትልቁ የመንግሥት ሆስፒታል ምናዚ ምሞጃ ያለው ስቶን ታውን ነው። ምሥራቅ ዳርቻ ፓጄ ላይ የወደቀ ሰው ወደዚያ ለመድረስ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀረዋል፤ ጉዳቱ ከባድ ከሆነ ደግሞ ባሕር ተሻግሮ ዳሬሰላም ነው። ስኩተሩ የሚያተርፋችሁን ዶላር ከዚህ ጋር አስተያዩት።

ሞተር የለመዳችሁ ከሆነ ግን ከመንደር መንደር ለአጭር ርቀት ጥሩ ነው። የራስ ቁሩ መንጋጭላ ላይ በትክክል የሚታሰር ይሁን፤ ዝም ብሎ አናት ላይ የሚቀመጥ ከሆነ ሌላ አስመጡ።

ጂፑን ስትረከቡ አትቸኩሉ። አራቱን ጎማ፣ ስኮርቱን፣ ክሪኩን እዩ። ፍሬቻውን፣ የፍሬን መብራቱን፣ የደኅንነት ቀበቶዎቹን በሙሉ ሞክሩ፤ የኋላው ቀበቶ ከወንበሩ ሥር ገብቶ የጠፋበት መኪና አጋጥሞኛል። ጭረቱን አንድ በአንድ በስልካችሁ በቪዲዮ ቅረጹ፤ የነዳጁን መጠንም ጨምሩ። እኔ ይህን ባለማድረጌ ፓራውልቱ ላይ የነበረ የቆየ ጭረት የእኔ ነው ተብሎ ከመያዣዬ ተቆርጦብኛል። መኪና ውስጥ የሊብሬውና የኢንሹራንሱ ቅጂ መኖር አለበት።

ኢንሹራንሱን በተመለከተ «አለው» የሚል መልስ አይበቃም። ሦስተኛ ወገን ብቻ ነው ወይስ መኪናውንም ይሸፍናል? አደጋ ቢደርስ መጀመሪያ ከኪሳችሁ የምትከፍሉት ስንት ነው? ጎማና መስታወትስ? በጽሑፍ ይስጧችሁ። ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ዛንዚባር የሚገባ አዋቂ የውጭ ሰው የደሴቱን የጉዞ መድን በ44 ዶላር እንዲገዛ ግዴታ አለበት። እሱ የሚሸፍነው የጉዞና የሕክምና ነገር ነው፤ የተከራያችሁት መኪና ላይ ለሚደርስ ጉዳት አይሆንም። ሁለቱን አንድ አድርገው የሚያስረዱ አከራዮች ስላሉ አትታለሉ።

ደግሞ የአካባቢው ጊዜያዊ የመንጃ ፈቃድ አለ። አከራዩ በ10 ዶላር አካባቢ ያወጣላችኋል፤ የሀገራችሁን መንጃ ፈቃድና የፓስፖርት ቅጂ ይፈልጋል። በመንገዱ ላይ የፖሊስ ኬላ ስለሚበዛ በእጃችሁ ይሁን። ሲያስቆሟችሁ መስኮት አውርዱ፣ ሰላምታ ስጡ፣ ወረቀቱን አሳዩ። ወረቀቱ የተሟላ፣ ቀበቶው የታሰረ ከሆነ ብዙ ጊዜ በፈገግታ ነው የሚያሳልፏችሁ።

ባለ ሹፌር መኪና

ከአውሮፕላን ማረፊያ እስከ ኑንግዊ አንድ ጉዞ የጂፑን የአንድ ቀን ኪራይ ያህላል። ውድ ይመስላል። ግን አራት ሆናችሁ ስትካፈሉት፣ በዚያ ላይ ደክሟችሁ በማታ የምትገቡ ከሆነ፣ ከዚህ የሚሻል የለም። ደሴቱ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 12፡45 ባለው ጊዜ ትጠልቃለች፤ ጨለማው ድንገት ነው የሚወርደው። ከከተማ ውጭ አብዛኛው መንገድ መብራት የለውም፤ ብስክሌቱም መብራት የለውም፤ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታውም ቀለሙ ለቅቆ የማይታይበት ቦታ አለ። እኔ ከመጨለሙ በፊት ሆቴሌ ካልደረስኩ አልነዳም።

በረመዳን የምትሄዱ ከሆነ ከማፍጠሪያው በፊት ያለውን ሰዓት ተጠንቀቁ። ቀኑን ሙሉ ጾሞ የዋለ ሰው ቤቱ ለመድረስ ይቸኩላል፤ መንገዱ የሌላ ቀን መንገድ አይደለም።

ስቶን ታውን ውስጥ የምታድሩ ከሆነ መኪና መከራየት ራሱ ትርፉ አይታየኝም። የጥንቱ ከተማ ጎዳናዎች ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ የሚያልፍባቸው ናቸው፤ መኪና አይገባባቸውም። ቆሞ ለሚያድር ጂፕ ገንዘብ ትከፍላላችሁ።

ዳላ ዳላ

እንደኛ ታክሲ ነው፤ ከጎኑ ቁጥር ተጽፎበታል። 116 ወደ ኑንግዊ፣ 309 ወደ ጃምቢያኒ፣ 118 ወደ ማቴምዌ፣ 505 ወደ አውሮፕላን ማረፊያ። በሽልንግ የሚከፈል በጣም ርካሽ ነው፤ ሰው ይጫወታል፤ ደስ ይላል። ሻንጣና ልጅ ይዞ ግን አይሆንም። በጊዜ ይቆማል፤ ከመሸ አትተማመኑበት።

እኔ አሁን የማደርገው

ስደርስና ስመለስ ሹፌር፣ መሃል ላይ ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን አውቶማቲክ ጂፕ። ካምቢዮ መኪና በአምስት ዶላር ቢቀንስም በግራ እጅ ማርሽ መቀየር መማሪያ ቦታው እዚያ አይደለም። በጂፑ ቀን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ስትወርዱ የጆዛኒን ደን ታቋርጣላችሁ። በዛንዚባር ብቻ የሚገኘው ቀይ ኮሎበስ ጦጣ አስፋልቱን የሚሻገረው እዚያ ነው። ጉብታዎቹ የተሠሩት መኪና እየገጨ ስለሚገድላቸው ነው፤ ስለዚህ ከጉብታ እስከ ጉብታም ፍጥነት አትጨምሩ። እናት ልጇን ደረቷ ላይ ይዛ ስትሻገር ቆሜ አይቻለሁ፤ ከኋላዬ የነበረውም ሾፌር ክላክስ ሳያሰማ ጠበቀ።

ከሹፌር ጋር ሰዓት ስትቀጣጠሩ አንድ የሚጠቅማችሁ ነገር አለ። ስዋሂሊ እንደ እኛ ከንጋት ነው የሚቆጥረው። «ሳ ምቢሊ አሱቡሂ» ካላችሁ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ማለት ነው፤ ልክ እንደ ቤታችሁ። በእንግሊዝኛ ካወራችሁ ግን ያው ሰዓት ስምንት ይሆናል። ሹፌሩ በአንዱ፣ እናንተ በሌላው አስባችሁ በረራ እንዳያመልጣችሁ፣ ሰዓቱን የአውሮፕላን ትኬቱ ላይ በጣታችሁ አሳዩትና አብራችሁ ቁጠሩት።