የስኳር መለኪያ ለመግዛት፦ ከውጭ የሚላከው ወይስ ስትሪፑ እዚሁ የሚገኘው?

እናቴ የስኳር ታማሚ በመሆኗ የትኛው መለኪያ እንደሚሻል የሚጠይቁኝ ወዳጆች ስለበዙ፣ በቤታችን የተጠቀምንባቸውን ሁለቱን እዚህ አነጻጽራለሁ። አንዱን እህቴ ከለንደን የላከችው ሲሆን ሌላውን አዲስ አበባ ከሰፈራችን ፋርማሲ ገዛነው። እኔ የምመርጠው የሰፈራችንን ነው።

የለንደኑ በነፃ ቢመጣም ይበልጥ ያስወጣን እርሱ ነው። ውጤቱን የሚያሳየው እኛ በለመድነው ሚሊግራም (በዴሲሊትር) ሳይሆን በሌላ መለኪያ፣ በሚሊሞል (በሊትር)፣ ስለሆነ፣ እናቴ 7.2 የሚል ስታይ ስኳሬ ወርዷል ብላ ሻይዋ ላይ ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨመረች፤ ቁጥሩ ወደ ሚሊግራም ለመቀየር በ18 ሲባዛ ግን 130 ያህል ነበር። አብሮት የመጣው ስትሪፕ (መሣሪያው ላይ ተሰክቶ የደም ጠብታ የሚነካው፣ አንዴ ብቻ የሚያገለግል ቀጭን መመርመሪያ) ሲያልቅ ብዙ ፋርማሲ ዞረን፣ በመጨረሻ እሽጉ የተከፈተ ብልቃጥ በውድ ዋጋ ገዛን። ስትሪፕ እርጥበት ከነካው ይበላሻል። አንድ ጠዋት 17.3፣ ማለትም 311 ገደማ ቢያሳይ ደንግጠን ላቦራቶሪ ወሰድናት፤ የተገኘው 184 ነበር።

ስለዚህ ከመሣሪያው ዋጋ በፊት የስትሪፑን ጠይቁ። በቀን ሁለት ጊዜ የሚለካ ሰው በዓመት 730 ስትሪፕ ስለሚጨርስ፣ በአንዱ ላይ የ10 ብር ልዩነት ካለ በዓመት 7,300 ብር ይሆናል። የካርቶኑን ዋጋ በውስጡ ላሉት ስትሪፖች ቁጥር አካፍሉ፤ ሌሎች ሁለት ሦስት ፋርማሲዎችም እንደሚይዙት አረጋግጡ። በ2006 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ እንኳ ዋንታች (OneTouch) የተባለው የመለኪያ ምርት ሐሰተኛ ስትሪፕ ገበያ ላይ ስለተገኘ፣ የካርቶኑና የብልቃጡ የምርት ቁጥርና የማብቂያ ቀን አንድ መሆናቸውን ሳታዩ አትክፈሉ።

በትክክለኛነት ረገድ ሁለቱም በደህና ስትሪፕ ተቀራራቢ ናቸው። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ መስፈርት፣ ስኳሩ 100 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ከመቶ ውጤቶች 95ቱ ከላቦራቶሪው ከ15 በመቶ በላይ እንዳይርቁ ይጠይቃል፤ ላቦራቶሪው 200 ቢል መሣሪያው 170 ወይም 230 ማለቱ ብልሽት አይደለም። ብርቱካን የላጠ ጣት ግን ውጤቱን ከዚህ እጅግ ሊያርቀው ስለሚችል፣ እጅ በሳሙና ታጥቦ በደንብ መድረቅ አለበት። ደሙ እንዲወጣ ጣትን አጥብቆ መጭመቅም አይገባም።

ለመፈተሽ፣ ላቦራቶሪ በምትሄዱበት ጠዋት ምግብ ሳትቀምሱ መሣሪያውን ይዛችሁ ሂዱና ደም እንደተወሰደላችሁ ወዲያው ከጣታችሁ ለኩ። የሰፈራችን መለኪያ በዚህ መንገድ ሲፈተሽ 142 አለ፤ ላቦራቶሪው 151። እህቴም አሁን መሣሪያ ሳይሆን የስትሪፕ መግዣ ትልክልናለች።