ለገና ወደ ውጭ፦ የገና ገበያ፣ የባሕር ዳርቻ ወይስ ቤተልሔም?

የጀርመኗ ኑረምበርግ የደረስኩት በፈረንጆቹ ዲሴምበር 24 ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ነበር። ሻንጣዬን ሆቴል ጥዬ ወደ አደባባዩ ስሮጥ የተቀበለኝ የማሸጊያ ፕላስተር ሲተረተር የሚያወጣው ድምፅ ነው። ቀይና ነጭ ሸራ በለበሱት ሱቆች ውስጥ ነጋዴዎቹ ዕቃቸውን በካርቶን ያሽጉ ነበር። በስኳር የተቆላ ለውዝ ሽታው ገና አልጠፋም፤ የሚሸጠው ግን አልቋል። ስንት ወር የጓጓሁለት የገና ገበያ ለዓመቱ ተዘግቶ ደረስኩ።

ስለዚህ "ለገና የት ልሂድ?" ለሚለኝ ሰው መልሴ ጥያቄ ነው፦ በበዓሉ ዕለት ምን እያደረግህ መዋል ትፈልጋለህ? ትኬት የሚቆረጠው ይህ ከታወቀ በኋላ ነው።

የገና ገበያ ያላቸው ከተሞች

የጀርመኗ ድሬስደን ገበያ በፈረንጆቹ ከ1434፣ የፈረንሳይዋ ስትራስቡርግ ከ1570 ጀምሮ አለ። መብራቱ፣ መዝሙሩ፣ በእጅ የተቀረጸው የእንጨት መጫወቻ በእውነት የሚያስደስት ነው። የቪየናው የማዘጋጃ ቤት አደባባይ ገበያ እስከ 26 ሲዘልቅ፣ የጀርመኖቹ ብዙዎቹ ግን በ24 ወይም ከዚያ ቀደም ብለው ይዘጋሉ። በጀርመን 25 እና 26 ሁለቱም በዓል ስለሆኑ ምግብ ቤት እንኳ ቀድሞ ካልተያዘ ያስቸግራል። ለንደን ደግሞ በ25 ባቡርም ሜትሮም አይሠራም። ለእኔ ትክክለኛው ጊዜ የዲሴምበር የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው፤ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከሆነ ደግሞ ሳትጋፉ ታያላችሁ።

በረዶ ይኖራል ብላችሁ አትቁረጡ፤ በእነዚህ ከተሞች ብዙ ጊዜ የሚጥለው ዝናብ ነው። በረዶውን የምትፈልጉ ከሆነ በፊንላንድ በአርክቲክ ክበብ ላይ ያለችው ሮቫኒየሚ ትሻላለች። እዚያ ግን በገና ሰሞን የቀን ብርሃን ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ጨለማ ለሚከብደው ሰው አልመክርም።

ቪዛ የሚያስፈልጋችሁ ሰዎች፦ የሸንገን (የብዙ አውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ) ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ይገባል፤ መጨረሻው 15 ቀን ሲቀር ነው። መልሱ እስከ 45 ቀን ሊዘገይ ስለሚችል ሴፕቴምበር ላይ ብትጀምሩ ያለ ጭንቀት ትተኛላችሁ። የጉዞ መድኅኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈን አለበት።

በጋው ያለበት ደቡብ

ቪየና ላይ ፀሐይ 10 ሰዓት ላይ ስትጠልቅ፣ ሲድኒና ኬፕታውን ላይ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ድረስ ብርሃን ነው። ልጆች ያሉት ቤተሰብ ከጠየቀኝ ያለ ማመንታት ይህን እላለሁ። ሱቅ ቢዘጋም ባሕሩ አይዘጋም፤ ልጆቹም በአራት ድርብ ልብስ ታፍነው አያለቅሱም። ሲድኒ ከሆናችሁ በ26 ከወደቡ የሚነሣውን፣ ከ1945 ጀምሮ የሚካሄደውን በታዝማኒያ ደሴት እስካለችው ሆባርት ከተማ የሚደርስ የጀልባ ውድድር ከዳርቻው ቆማችሁ በነፃ ታያላችሁ። ጉድለቱ ዋጋ ነው፦ የትምህርት ቤት ዕረፍትና አዲስ ዓመት ስለሚገጣጠሙ ከዓመቱ ውድ የሆነው ጊዜ ይህ ነው።

የበዓሉን ግርግር መሸሽ ለሚፈልግ ቶኪዮ አለች፤ 25 እዚያ የሥራ ቀን ነው። ከጃንዋሪ 1 እስከ 3 ግን ብዙ ነገር ይዘጋል።

ቤተልሔም

ለጸሎት የሚሄድ ሰው ከሌላው ጋር ማወዳደር አያስፈልገውም። የሚመርጠው ቀኑን ነው፦ ካቶሊኮች በዲሴምበር 25፣ ኦርቶዶክሶች በጃንዋሪ 7፣ አርመኖች በጃንዋሪ 19 ያከብራሉ። በ24 ሌሊት በካቶሊኮቹ ቅድስት ካትሪን ቤተ ክርስቲያን ለሚደረገው ቅዳሴ የመግቢያ ወረቀት ቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ክፍያ የለውም። በ2023 እና በ2024 በጦርነቱ ምክንያት የአደባባዩ በዓል ቀርቶ ጸሎቱ ብቻ ተደርጓል፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ብቻ ውድም ቢሆን ገንዘብ የሚመለስበትን ትኬት ግዙ። ከኢየሩሳሌም 10 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም መንገዱ ላይ ፍተሻ አለ፤ ፓስፖርታችሁን ያዙ። ትልቁን ቦርሳ ግን ሆቴል ተዉት፤ የልደት ቤተ ክርስቲያን በር ቁመቱ 1.2 ሜትር ገደማ ስለሆነ ሁሉም ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው።