ሜትር ብሎ ያርድ፣ ጥጥ ብሎ ፌስታል

ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ የራሳችሁን ቀሚስ የምትሰፉ እህቶቼ፣ ይቺን ሳታነቡ በቴሌግራም ጨርቅ እንዳትገዙ። «ከኮምቦልቻ ፋብሪካ የተረፈ፣ ለውጭ ገበያ የተመረተ፣ መቶ ፐርሰንት ጥጥ፣ በሜትር 380 ብር» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ደግሞ ስልኩን ወዲያ አስቀምጡና ቡናችሁን ጠጡ። እኔ ቡናዬን ትቼ ገዛሁ። 2,000 ብር ወጣብኝ።

ልብስ ሰፊ አይደለሁም። የምውለው መሥሪያ ቤት ነው። ስፌት ለእኔ ማታ ማታ ጭንቅላቴን የማሳርፍበት ነገር ነው። ከእናቴ የወረስኩት ጥቁር የእግር መኪና አለኝ። ክረምት ላይ የጦሳ ተራራ በጉም ሲሸፈን፣ መብራትም እንደለመደው ሲጠፋ፣ ሻማ ለኩሼ እየረገጥኩ እሰፋለሁ። በሦስት ዓመት ዘጠኝ ቀሚስ ሰፍቻለሁ። ሁለቱ ሰው ፊት አይቀርቡም፤ በሰባቱ ግን «የት ገዛሽው?» ተብያለሁ። ይህን የማወራው ለጉራ አይደለም (እሺ፣ ትንሽ ለጉራ ነው)። ጨርቅ አውቃለሁ ብዬ የማስብ ሰው እንደሆንኩ እንድታውቁልኝ ነው። እንዲያም ሆኖ ተበላሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአክስቴ ልጅ ሚያዝያ ላይ ኮምቦልቻ ትዳራለች። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ አየሩ ግን የሁለት አገር ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ተቀምጣ ጋቢ ታስለብሳለች። የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁና ጃኬታችሁ ሸክም ይሆንባችኋል። ለዚያ ሰርግ የፈለግኩት ላብ የሚመጥ ጥጥ ነበር። ረጅም ቀሚስ፣ ወገቡ ላይ ሽንሽን ያለው፣ እጅጌው እስከ ክርን የሚደርስ። አምስት ሜትር ይበላል። ሱቅ ወጥቼ ጠየቅኩ። ደህናው ጥጥ፣ ወርዱ 1 ሜትር ተኩል የሆነው፣ በሜትር 550 ብር። «እመለሳለሁ» ብዬ ወጣሁ። ሁላችንም እንደምንለው።

በዚያው ምሽት ማስታወቂያው መጣልኝ። ሰማያዊ መደብ ላይ ነጭ ቅጠል ያለበት ጨርቅ፣ ሲያምር! «የፋብሪካ ትርፍ» የሚለው ወሬ ደግሞ የእኛን አገር ሰው ያሳምናል። ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ናት። የኢንዱስትሪ ፓርኩም ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። እዚያ የሚሠራ ዘመድ ወይም ጎረቤት የሌለው ማን አለ? «ተርፎ ወጥቶ ይሆናል» ብዬ አመንኩ። ከፋብሪካ ለመምጣቱ ግን ማስረጃው የሰውዬው አፍ ብቻ ነበር። ስለዚህ ፋብሪካዎቹን እንዳትወቅሱ።

ጻፍኩለት።

«ጥጥ ነው?»

«ወላሂ ንጹህ ጥጥ ነው እህቴ።»

«ወርዱስ ስንት ነው?»

«ደረጃውን የጠበቀ ነው።»

ይቺን መልስ ልብ በሉልኝ። ወርድ ተጠይቆ የሚመለሰው ቁጥር ነው። 1 ከ15 ነው፣ ወይም 1 ከ50 ነው። «ደረጃውን የጠበቀ» ሲለኝ እዚያው ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም፤ ቅጠሉ ዓይኔ ላይ ቀርቶ ነበር። ብሩን በስልክ ላክሁ። 1,900 ለጨርቁ፣ 100 ለማድረሻ። በማግስቱ ፒያሳ ላይ አንድ ልጅ በባጃጅ መጥቶ ጥቁር ፌስታል አቀበለኝና ሄደ። ከፍቼ እንዳላይ ዝናቡ ይወርዳል።

ቤት ገብቼ ስዘረጋው ደረቅ ያለ፣ እንደ ወረቀት የሚንኮሻኮሽ ነው። ደስ አለኝ። አዲስ ጥጥ እንዲህ ነው አልኩ። ልማድ ስለሆነብኝ ሳላጥበው ለካሁትና ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፦ ቁመት 4 ሜትር ከ57፣ ወርድ 1 ሜትር ከ15። ከ5 ሜትሩ 43 ሳንቲ ሜትር ጎድሏል። የኔ ነገር፣ ሰውዬውን ትቼ ሜትሬን ጠረጠርኩ። አሮጌ የፕላስቲክ ሜትር ይለጠጥና ጨርቁን አሳጥሮ ያሳያል።

ቀጥሎ ነከርኩት። ጥጥ ከመቀደዱ በፊት መታጠብ አለበት። አለበለዚያ ከተሰፋ በኋላ ይሰበሰብና ቀሚሱ ለእህታችሁ ልጅ ይሆናል። (ደርሶብኛል። ሰው ፊት ከማይቀርቡት ሁለቱ አንዱ እሱ ነው።) ውሃው ነጭ ሆነ፣ የሩዝ እጣቢ መሰለ። አሚዶ ነው። ስስ ጨርቅ ወፍራም እንዲመስል አሚዶ ያጠጡታል። አንዴ ሲታጠብ አሚዶው ይሄድና እውነተኛው ገላው ይቀራል። የእኔው ከውሃ ሲወጣ እንደ ሻሽ ሟሾ ወጣ።

በረንዳ ላይ ሰጣሁት። ጭጋግ ነበር። በእንዲህ ያለ ቀን ደሴ ላይ የጥጥ አንሶላ ሁለት ቀን ይፈጃል። ይሄ ጨርቅ አቦል ሲቀዳ ተሰጥቶ በረካው ሳይደርስ ደርቆ ጠበቀኝ። ጥጥ ውሃ ጠጥቶ ቶሎ አይለቅም። ቶሎ የሚደርቀው መጀመሪያውኑ ያልጠጣው ነው። ውሃ ያልጠጣ ደግሞ ላብም አይጠጣም።

ካውያውን ጥጥ የሚለው ላይ አድርጌ ጠርዙን ነካ አደረግኩት። መጀመሪያ አብረቀረቀ፣ ከዚያ ተኮማተረ፣ በመጨረሻ ካውያው ሥር ተለጠፈ። ያኔ ቁርጤን አወቅኩ። ለማረጋገጥ ያህል ከጫፉ ጥቂት ክር መዝዤ ሰሃን ላይ ክብሪት ለኮስኩበት። እሳቱ ገና ሳይነካው ሸሸት አለ፣ ከዚያ እንደ ፌስታል ቀለጠ፣ ሲበርድ ጥቁር ጠንካራ ዶቃ ሆነ። ፖሊስተር ነው። ጥጥ ቢሆን እንደ ወረቀት ይነድ ነበር፤ ሽታውም የተቃጠለ ወረቀት፣ አመዱም በጣት ሲነካ የሚበተን ግራጫ ነው። ዶቃም አመድም አንድ ላይ ካገኛችሁ ቅልቅል ነው። ቅልቅል ክፉ ጨርቅ አይደለም፣ አንዳንዴ እንዲያውም ላለመጨማደድ ይሻላል። ግን ቅልቅል ተብሎ፣ በቅልቅል ዋጋ ይሸጥ።

አንድ ነገር ግን እሳቱ አይነግራችሁም። ራዮን የሚሉት ጨርቅ ከእንጨት ስለሚሠራ ልክ እንደ ጥጥ ነው የሚነደው። ወረቀት ይሸታል፣ አመድ ይሆናል፣ ያታልላል። እሱን የሚያጋልጠው ምራቅ ነው። ክሩን አርጥባችሁ ሳቡት። ራዮን ሲርስ ይደክማልና በትንሽ ጉተታ ይበጠሳል። ጥጥ እርጥብ ሲሆን ጭራሽ ይጠነክራል። ይህን ያሳዩኝ ሸርፍ ተራ በኩል ያሉ አንድ ባለሱቅ ናቸው፣ በራሳቸው ላይተርና በራሳቸው ምራቅ። ከእሳቸው ነበር መግዛት የነበረብኝ። የ550 ብሩ ጥጥ የእሳቸው ነው።

ወደ 43 ሳንቲ ሜትሩ ልመለስ። ሰፈራችን በረንዳ ላይ ከልጅነቴ ጀምሮ የሚሰፉ አንድ ሽማግሌ አሉ። ሳልፍ ሰላም ብያቸው ብሶቴን አራገፍኩ።

«ስንት መጣ አልሽ ልጄ?»

«4 ከ57፣ ጋሼ።»

መርፌውን አፋቸው ላይ እንደያዙ ሳቁ። «ለ5 አካፍይው እስኪ።»

አካፈልኩ። 91 ሳንቲ ሜትር ከምናምን።

«ይሄማ ያርድ ነው!» አሉ። «በሜትር ሸጦልሽ በያርድ ለክቶልሻል።»

አንድ ያርድ 91.44 ሳንቲ ሜትር ነው። ከሜትር በ8 ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ያንሳል። መለኪያ እንጨቱን ስታዩት ልዩነቱ አይታይም። በአንድ ሜትር ማንም አያስተውለውም። በአምስት ሜትር ግን የአንድ ሰው እጅጌ ነው። «ስሙም ያርድ፣ ሥራውም ማረድ» አሉኝ ጋሼ። በገንዘቤ የታረድኩት እኔ ብሆንም ሳልወድ ሳቅኩ።

ማታ ሒሳቡን ሠራሁት። መናደድ ካልቀረ በቁጥር ይሁን ብዬ። ያገኘሁት ጨርቅ 4.57 በ1.15 ነው። አምስት ካሬ ሜትር ከሩብ ገደማ። የከፈልኩት ከማድረሻው ጋር 2,000 ብር። ለአንድ ካሬ ሜትር 380 ብር መጣ። የባለሱቁ ጥጥ በ550 ብር፣ ወርዱ 1 ሜትር ተኩል፤ ለአንድ ካሬ ሜትር 367 ብር አይሞላም። ርካሽ አገኘሁ ብዬ ከውዱ ጥጥ በላይ ከፍዬ ፖሊስተር ገዝቻለሁ ማለት ነው። ወርድ ሳትጠይቁ በሜትር ዋጋ ብቻ ሁለት ጨርቅ አታወዳድሩ የምለው ለዚህ ነው።

ሰውዬውን መልሼ ጻፍኩለት። ፎቶውን፣ ልኩን፣ ዶቃውን ሁሉ ላክሁ። መልሱን ስሙልኝ፦ «እህቴ፣ ጥጥ ሲታጠብ እኮ ይሰበሰባል። ለዚህ ነው ያጠረው።» እኔ እኮ የለካሁት ሳላጥበው ነው! ፖሊስተር ደግሞ እንዲህ በውሃ አይሰበሰብም። ይህን ስጽፍለት «ወላሂ» የምትለዋን አንድ ጊዜ ደገመና ዘጋኝ። ቻናሉ ላይ አስተያየት መስጠት ተዘግቷል። መዘጋቱን ከመግዛቴ በፊት አይቼው ነበር፤ ምንም አልመሰለኝም። ገዢ የማይናገርበት ሱቅ መሆኑ የገባኝ አሁን ነው።

«ክሰሺው» ያላችሁኝ አላችሁ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 813፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጣል። ጥሩ ነው። ግን ማንን ልጠይቅ? ሱቅ የለው፣ ደረሰኝ የለው፣ ስሙን እንኳ እርግጠኛ አይደለሁም። ደረሰኝ ከቆረጠላችሁ ባለሱቅ የገዛችሁ ከሆነ ግን ቀኗን ቁጠሩ፤ 15 ቀን ቶሎ ታልቃለች። ጨርቁን አጥባችሁ፣ ቀዳችሁ፣ ሰፍታችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ሂዱ። ከተቀደደ በኋላ ክርክሩ ሌላ ነው።

ጎረቤቴ ከኔ የባሰች ናት። ለሦስት ሴት ልጆቿ የዒድ ቀሚስ ልታሰፋ ከዚያው ሰው 12 ሜትር ገዝታለች። ለካንላት። 1 ሜትር ከ3 ሳንቲ ሜትር ጎድሏል። ትንሿ ልጅ እጅጌ የሌለው ደርሷታል። ልጅቷ ፋሽን መስሏት ደስ ብሏታል፤ እናትየው ግን አሁንም አልበረደላትም።

የሚለካላችሁን ሰው እጅ እዩ። እንጨቱን ራሳችሁ በያዛችሁት ሜትር ለኩት፤ ማፈር አያስፈልግም። የሚለጠጥ ጨርቅ ከሆነ ስቦ እንዳይለካ፣ ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ ይለካ። ጣቃውን እስከ ውስጥ ገልጣችሁ እዩ፣ ቀዳዳውና እድፉ ከውስጥ ነው የሚደበቀው። ጨርቁን በሁለት እጃችሁ እሹት፤ ነጭ ዱቄት ከረገፈ አሚዶ ነው። ቀለሙን በእርጥብ ነጭ መሐረብ ፈትጉት። ክር መዝዛችሁ ውጭ ወጥታችሁ ለኩሱ። ሱቅ ውስጥ እንዳታደርጉት፣ ጣቃ መሃል እሳት አይጫወቱም። እምቢ የሚል ባለሱቅ ካለ ሌላ ባለሱቅ አለ። በስልክ ካልሆነ አይሆንልኝም የምትሉ ደግሞ ከብሩ በፊት ወርዱን በቁጥር ጠይቁ፣ መዳፍ የምታክል ቁራጭ ለናሙና አስልኩ፣ ክፍያውን ስትረከቡ አድርጉት። ዝናብ ቢጥልም ከፍታችሁ እዩ።

ጨርቄን ወንድሜ ለመጋረጃ ይሆናል ብሎ ወስዶታል። ቅጠሉ መስኮት ላይ ያምራል፣ አልዋሽም። ቅዳሜ ሜትሬንና ላይተሬን ይዤ ሸርፍ ተራ እሄዳለሁ። ለሰርጉ ገና አምስት ሳምንት አለ፤ ሽንሽኑን ከተውኩት ይደርሳል።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ በሌላ ስም ያለ ቻናል ያንኑ ሰማያዊ ባለቅጠል ጨርቅ ለጥፎ አየሁ። ፎቶውም ያው ነው። ጨርቁን የያዘው እጅ፣ ከጀርባው ያለው አረንጓዴ በር ሳይቀር። «የፋብሪካ ትርፍ፣ መቶ ፐርሰንት ጥጥ» ይላል። ዋጋው 360 ሆኗል።