ጎንደር ያላችሁ ሞተረኞች፣ እኒህን መካኒክ እወቁልኝ

ይህን የምጽፈው ጋሼን ለማመስገን ነው። ስማቸውን አልጠራም፤ «እኔን ተወኝ፣ ከፈለግህ ሥራውን ንገርልኝ» ብለውኛል። እሺ፣ ሥራቸውን ልናገር።

መጀመሪያ ግን ያለፈውን ልንገራችሁ። ከዚህ በፊት ሰሜን ተራሮችን በሞተር ልወጣ ሞክሬ ነበር። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አስፋልት ስለሆነ ችግር የለውም። የጠጠሩን መንገድ ይዤ መውጣት ስጀምር ሞተሬ ትንፋሽ አጠረው። ነዳጅ ስሰጠው ይታነቃል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ በአንደኛ ማርሽ እንኳ ዳገቱን እምቢ አለኝ። ተመልሼ አንድ ጋራዥ ሳስገባው «ካርቡሬተሩ ሞቷል» ተባልኩና (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ ነው) አዲስ ገዛሁ። ጎንደር ውስጥ ጥሩ ሄደ። ዳገቱ ላይ ስደርስ ያው ሆነ። ብሩ በከንቱ ቀረ።

ከዚያ ነው ሰው ወደ ጋሼ የላከኝ። ሞተሩን ሳይነኩ «ወዴት ልትሄድበት ነው? ወደ መተማ ነው ወይስ ወደ ደባርቅ?» አሉኝ። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ መካኒክ አጋጥሞኝ አያውቅም። ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ፈተው ጫፉን በአውራ ጣታቸው አሹት፤ ጣታቸው የምጣድ ጥላሸት የነካ መሰለ።

«አየህ ልጄ፣ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ላይ ስትወጣ አየሩ ይሳሳል፣ ቤንዚኑ ግን እዚህ እንደሚገባው ያህል ይገባል። በዝቶበት ነው የሚታነቀው።»

ካርቡሬተሩን ከፍተው ውስጡ ያለችውን መርፌ አወጡ። አናቷ ላይ ጥቃቅን ጥርሶች አሏት፤ አንዱ ጥርስ ላይ ቀጭን ቀለበት ገብታለች። ቀለበቷ አንድ ጥርስ ወደ ላይ ስትወጣ መርፌዋ ዝቅ ትላለች፣ የሚያልፈውም ቤንዚን ይቀንሳል። በቃ፣ ይሄው ነው። ከዚያ ሁሉንም እንደነበረ መለሱና ካቻቢቴውን እጄ ላይ አስቀመጡት። «አሁን አንተ ሥራው። እኔ እዚያ የለሁም።» ሦስት ጊዜ አስፈቱኝ፣ ሦስት ጊዜ አስገጠሙኝ። ስወርድ መርፌዋን ወደ ቦታዋ እንድመልሳት አስጠነቀቁኝ፤ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ቆላ ላይ ይግላል። ጉልበቱም ሙሉ ይሆናል ብዬ እንዳልጠብቅ ነገሩኝ። በየ1,000 ሜትር ከፍታው 10 በመቶ ያህል ይቀንሳል፣ እሱን መርፌ አይመልሰውም።

ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ለመሄድ ስንነሳ ሦስቱንም ሞተሮች እሳቸው ጋ ወሰድናቸው። ካቴና አጠበቁ፣ ፍሬን አዩ፣ ይሄ የማንም መካኒክ ሥራ ነው። እኔን የገረመኝ የፍሪሲዮን ገመዱ ነው፤ ማርሽ ስንቀይር በግራ እጅ የምንስበው። ከነባሩ ጎን ሌላ አዲስ ገመድ አስተኝተው በፕላስተር አሰሩት። ዘይት አጠጥተው፣ አቧራ እንዳይገባው ጫፍና ጫፉን ጠቀለሉት። የትም አልተገናኘም፣ ዝም ብሎ ተኝቷል። «ሲበጠስ ጫፉን ብቻ ትቀይራላችሁ» አሉን። እኔ ይበጠሳል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ቅዳሜ ደባርቅ ላይ ተመዝግበን፣ ስካውታችንን (አብሮን የሚሄደውን የፓርኩን ጠባቂ) ከኋላዬ አፈናጥጬ ፓርኩ ገባን። ሳንቃበር ካምፕ፣ 3,250 ሜትር ላይ፣ ድንኳን ተከልን። ብርዱ አጥንት ይገባል። በሶ በጥብጠን ጠጣን። መርፌዋን ያስተካከልኩት እዚያው በባትሪ መብራት ነው፤ ጣቶቼ ደንዝዘው ቀለበቷ ሁለቴ ሳሩ ውስጥ ወድቃብኛለች። ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ድምፁ ጥርት ያለ ነበር። ጭሱም ጠፍቷል።

እሁድ ወደ ጨነቅ ካምፕ ስንወጣ፣ ጭላዳዎቹ ሣር የሚነጩበትን ሜዳ አልፈን አንድ መጥፎ ዳገት መሀል ላይ የጓደኛዬ የፍሪሲዮን ገመድ ጧ ብሎ ተበጠሰ። ወረድን፣ ፕላስተሩን ላጥን፣ የተኛውን ገመድ ጫፎች አገናኘን። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ስካውታችን ሳቀና «ይሄን ያሰረው ሰው አብሯችሁ መጥቷል» አለ። እኔም እንደዚያው ነው የተሰማኝ። ያ ገመድ ባይኖር ሞተሩን እየገፋን ወይም የጭነት መኪና እየለመንን ነበር የምንመለሰው። ጨነቅ ደርሰን ዋልያም አየን፣ ገደሉ ጠርዝ ላይ ቆመው።

ዳባት ስንደርስ ደወልኩላቸው። «ገመዱ ተበጠሰ ወይ?» ነው ያሉኝ ገና ሰላም ሳልላቸው።

ለሦስት ሞተር የጠየቁን ክፍያ ያ ጋራዥ ለአንድ ካርቡሬተር ካስከፈለኝ ያንሳል። «ይሄ ይቀየር፣ ያ ይገዛ» አላሉንም። የጓደኛዬን ጎማ አይተው «ገና ይሠራል፣ ብርህን ያዝ» ነው ያሉት።

ጋሼ፣ ይህን ጽሁፍ ልጆችዎ ያነቡልዎታል ብዬ አስባለሁ። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። እጅዎ ይባረክ።

ቦታውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ እጠቁማችኋለሁ። ሰሌዳ የላቸውም፣ ብቻችሁን አታገኙትም። እሁድ አይሠሩም። አርብ ወረፋ ስላለ ቅዳሜ መውጣት የምትፈልጉ ሐሙስ ውሰዱላቸው። እዚያው ቁጭ ብላችሁ እንድታዩ ነው የሚፈልጉት፤ ጥዬ ልሂድ ብትሉ ደስ አይላቸውም።